ሉዊ ፓስተር፦ ከስትሮክ በኋላ የቀጠለ ሕይወት

በወተት ፓኬት ላይ «ፓስቸራይዝድ» የሚለውን ቃል አይተው ይሆናል። ቃሉ የተወሰደው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ስም ነው። ፓስተር በ45 ዓመቱ በስትሮክ ተመትቶ እንደነበር ግን ብዙዎች አያውቁም። እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ከስትሮክ በኋላ ክንድ አልታዘዝ ብሏችሁ ከሆነ፣ ታሪኩ ይጠቅማችኋል።

የታለፈው ምልክት

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 ዶል በተባለች ከተማ፣ ከቆዳ አልፊ አባት ተወለደ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1868 ጠዋት ግራ ጎኑን እንግዳ የሆነ የመደንዘዝ ስሜት ተሰማው። ከምሳ በኋላ ብርድ ብርድ ቢለውም ወደ ሳይንስ አካዳሚ ሄዶ ጽሑፍ አነበበ። ማታ ግን መናገር አቃተው፤ ግራ እጁና እግሩም ከዱት።

የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ያደረጉለት አልቅት ማስነከስ ነበር። ዛሬ በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች አሉ፤ በአብዛኛው የሚሰጡት ግን ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ግማሽ አካል በድንገት ከደነዘዘ፣ እስኪያልፍ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

በአንድ እጅ

ፓስተር በሳምንት ገደማ ውስጥ፣ አልጋ ላይ ሆኖ፣ የምርምር ሐሳቡን ለተማሪው እየነገረ አስጻፈ። በወራት ውስጥም የሐር ትል በሽታን ለማጥናት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተጓዘ። ግራ እጁ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ግትር ሆኖ ቀረ፤ አነከሰም። ጥንቃቄ የሚሹ ሙከራዎችን በእሱ አመራር ረዳቶቹ ይሠሩለት ነበር። ስትሮኩ ከመታው ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ በእብድ ውሻ ለተነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ለጆሴፍ ማይስተር የእሱ ክትባት ተሰጠው፤ ልጁም ተረፈ። ፓስተር ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው።

ዛሬ ለክንድ ምን አለ?

ዋናው ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ነው። ኩባያ ማንሳትን፣ ቁልፍ መቆለፍን የመሰሉ እንቅስቃሴዎችን ደጋግሞ መለማመድ ጤነኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ሥራ እንዲማር ይረዳል።

ስለ ኤሌክትሮአኩፓንክቸርም ሰምተው ይሆናል። ቀጫጭን መርፌዎች በክንድና በእጅ ላይ ተተክለው፣ በእነሱ በኩል ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለቀቃል። መርፌንና ኤሌክትሪክን የማጣመር ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ፓስተር ገና ሕፃን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1825፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ሳርላንዲዬር ጽፎበታል። ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሰጥ የክንድን እንቅስቃሴ ሊያሻሽል እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ማስረጃው ገና አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አያድርጉት፤ ለእሱ ብለው ፊዚዮቴራፒዎን ወይም የደም ግፊት መድኃኒትዎን አያቋርጡ።

ከመጀመርዎ በፊት ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመልዎ፣ የሚጥል በሽታ ያለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መርፌው አዲስና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑንም ያረጋግጡ።

ክንድዎ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል፤ የፓስተርም አልተመለሰም። ልምምድዎን ግን ዛሬም ይቀጥሉ።