ቅዱስ ድሜጥሮስና ባሕረ ሐሳብ፦ የሒሳብ መግለጫን ከማስላት ወደ መረዳት

የሆሳዕና ከተማ ስሟን የምትጋራው በዓል ቋሚ ቀን የለውም፤ በየዓመቱ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ይወሰናል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ስሌት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ የድሜጥሮስን ሕይወት በአጭሩ ይቃኛል፤ በስሙ የሚጠራው ስሌት የሒሳብ መግለጫን በማስላትና በመረዳት መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት እንደሚያሳይም ይመረምራል።

በስንክሳር ትረካ ድሜጥሮስ ፊደል ያልቆጠረ የወይን አትክልተኛ ነበረ። ሊቀ ጳጳሳት ዮልያኖስ ሊያርፍ ሲል፣ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው እንደሚተካው በራእይ ተነገረው፤ ድሜጥሮስም ያለ ወቅቱ ያፈራ ዘለላ ይዞ መጣና ተመረጠ። በ189 እ.ኤ.አ. ተሾሞ 43 ዓመት በመንበሩ ቆየ። ወጣቱን ኦሪጀንን በእስክንድርያ ትምህርት ቤት ላይ የሾመው እርሱ ነው፤ ኋላ ኦሪጀን በፍልስጥኤም ቅስና ሲቀበል ግን ተጣልቶ ከእስክንድርያ አሰናበተው።

በዘመኑ አብያተ ክርስቲያናት ትንሣኤን በተለያየ ቀን ማክበራቸው ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ድሜጥሮስ ለዚህ መፍትሔ ሱባኤ እንደያዘና ቀመሩን ወደ ሮም፣ ወደ አንጾኪያና ወደ ኢየሩሳሌም እንደላከ ትውፊቱ ይናገራል። የታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው የ19 ዓመቱ ዑደት በባቢሎንና በግሪክ አስቀድሞ ይታወቅ እንደነበረ፣ የእስክንድርያ ቀመርም ከእርሱ በኋላ በነበሩ ሊቃውንት እንደዳበረ ያመለክታሉ።

ስሌቱ የሚጀምረው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመደመር ነው። ድምሩ ለ19 ሲካፈል ቀሪው መደብ፣ ከመደቡ 1 ሲቀነስ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው መጥቅዕ ነው። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517፣ መደቡ 12፣ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። ከዚህ መጥቅዕ ተነሥቶ የተቆጠረው ሆሳዕና ሚያዝያ 5 ቀን ዋለ።

በዛሬው ምልክት አበቅቴ የሚገኘው ከ(12 − 1) × 11 ነው። ጥንታዊው ስሌት ቅንፍ የለውም፤ የቅንፉን ሥራ የሚሠራው «ወንበር» የሚለው ስም ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ 12 × 11 − 1 ብሎ 131 ያገኛል፤ አበቅቴውም 11 ይሆንበታል። መጥቅዑን በዚያው መንገድ ቢያሰላ 17 ያገኛል፤ ድምራቸውም 28 ይሆናል። ትክክለኛው ድምር ግን 30 ነው።

ለምን 30 እንደሆነ የሚያስረዳው ቁጥሮቹ የቆሙለት ነገር ነው። 11 የፀሐይ ዓመት 365 ቀናት ከጨረቃ ዓመት 354 ቀናት የሚበልጡበት ልክ ነው፤ 19 ደግሞ 11ን ወደ 30 ይሞላል። ስለዚህ የሁለቱ ብዜቶች ድምር ወንበር × 30 ነው። ወንበሩ ዜሮ ሲሆንም መጥቅዑ 30 ተብሎ ይያዛል።

ቅደም ተከተሉን በቃል የያዘ ሰው ውጤት ያገኛል፤ የተሳሳተውን ውጤት የሚለየው ግን ድምሩ ለምን 30 እንደሚሆን የተረዳው ነው። በመማሪያ ክፍልም ተማሪው በቅንፍ ውስጥ ላለው መጠን ስም እንዲሰጥና ውጤቱን በሌላ መንገድ እንዲፈትሽ ማድረግ ከዚህ ስሌት የሚወሰድ ትምህርት ነው።