ባክአፕ ያልነበረው ሰው

ባለፈው ክረምት ስልኬ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ስልኩስ ይሁን፣ ሠርቼ እገዛዋለሁ አልኩ። ያንገበገበኝ ውስጡ የነበረው የአራት ዓመት ፎቶ ነው። በተለይ አንዷ! አያቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ፋሲካ፣ ጓሮ ተቀምጣ ቡና ስታፈላ የተነሳችው። ባክአፕ? የለም። ነገ አደርገዋለሁ፣ ነገ አደርገዋለሁ ስል ነው ጉድ የሆንኩት።

በዚያው ሳምንት ስለ አልፍሬድ ረስል ዋላስ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውየው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጠፋበትን ነገር ሳነብ ግን የራሴን ኀዘን አስቀምጬ በእሱ አዘንኩ። እስቲ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋላስ በ1823 ዌልስ ውስጥ ተወለደ። የቤተሰቡ ኪስ ስለሳሳ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን አቋረጠና ከታላቅ ወንድሙ ጋር መሬት ቀያሽ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። በ1844 ሌስተር ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር ግን ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። ቤትስ ጢንዚዛ ይሰበስባል። አዎ፣ ጢንዚዛ! በዚያች ከተማ ዙሪያ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጢንዚዛ ዓይነቶች እንዳሉ ሲያሳየው ዋላስ ተገረመ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም።

ሁለቱ ጓደኛሞች ቀጥሎ ምን አሰቡ መሰላችሁ? አማዞን መሄድ። ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት የለ፣ ሀብታም አባት የለ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ከጫካ የሚይዟቸውን ነፍሳትና ወፎች ለንደን ለሚገኘው ወኪላቸው ለሳሙኤል ስቲቨንስ ይልካሉ፣ እሱ ለሙዚየሞችና ለሰብሳቢዎች ይሸጥላቸዋል፣ በገንዘቡ ይኖራሉ። በ1848 ብራዚል ገቡ። ዋላስ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

አራት ዓመት በአማዞንና በሪዮ ኔግሮ ወንዞች ላይ ተንከራተተ። ንዳድ ደጋግሞ ጣለው። ሊያግዘው የመጣው ታናሽ ወንድሙ ኸርበርት በ1851 በቢጫ ወባ ሞተ። በ1852 ዋላስ የቀረውን ሀብቱን ሁሉ ሄለን በምትባል መርከብ ጭኖ ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ። ቀደም ሲል መላክ የነበረባቸው ሣጥኖች እንኳ በመንገድ ጉምሩክ ላይ ተይዘው ስለቆዩ አብረውት ተጫኑ።

ኦገስት 6 ቀን፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ መርከቧ በእሳት ተያያዘች።

ዋላስ በጭስ ወደታፈነው ክፍሉ ገብቶ እጁ የገባችውን አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ወጣ። ውስጧ የዓሣና የዘንባባ ሥዕሎች፣ ጥቂት ማስታወሻዎችም ነበሩ። በቃ፣ ያ ነው። ጀልባው ላይ ሆኖ መርከቧ ስትነድ አያት። አብረውት ይጓዙ ከነበሩት ጦጣዎችና በቀቀኖች የተረፈችው አንዲት በቀቀን ብቻ ናት። ተንጠልጥላበት የነበረው ገመድ ሲቃጠል ባሕር ውስጥ ወድቃ አነሷት። ሰዎቹም ውኃ በሚያስገቡ ጀልባዎች አሥር ቀን ተንሳፈው ሌላ መርከብ አገኛቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካልሆነ የጉዳቱ መጠን አይገባችሁም። አዲስ ዝርያ አየሁ ማለት ብቻውን አይበቃም። ናሙናው በእጅ መኖር አለበት። ከዚያ ከሚታወቁት ዘመዶቹ ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸራል። ክንፉ፣ እግሩ፣ ቅርፊቱ፣ ቀለሙ አንድ በአንድ ይጻፋል። የላቲን ስም ይወጣለታል፣ ይታተማል። ናሙናውም ሌላ ሰው መጥቶ እንዲያመሳክረው ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል። ይህ እስኪሆን ድረስ ያ ጢንዚዛ ጫካ ውስጥ አለ፣ መዝገብ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ሄለን ላይ የነደደው የደረቀ ነፍሳት ብቻ አይደለም። ስም ሊወጣላቸው ይጠባበቁ የነበሩ ፍጥረታትም ነበሩበት።

ስቲቨንስ አስቀድሞ ኢንሹራንስ ገብቶለት ስለነበር ዋላስ የተወሰነ ገንዘብ አገኘ። ግን ወንድምን፣ አራት ዓመትንና ጤናን የሚመልስ ኢንሹራንስ የት አለ?

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ተረቱ። እኔ ብሆን የባሕር ሥዕል እንኳ ቤቴ አልሰቅልም። እሱ ግን ጻፈ። ከትዝታውና ከዚያች ሣጥን ተነስቶ በ1853 ሁለት መጻሕፍት አሳተመ፤ አንዱ ስለ አማዞን ዘንባባዎች፣ ሌላው ስለ ጉዞው። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ አማዞን ዝንጀሮዎች ያቀረበው ጽሑፍ ነው። ሙዚየሞች ናሙና ላይ ብራዚል ብቻ ብለው መጻፋቸውን ነቀፈ። ምክንያቱም ከወንዙ በዚህኛው ዳር ያለው ዝንጀሮ በወዲያኛው ዳር ላይኖር ይችላል። ወንዙ ድንበር ነው። የት እንደተያዘ ያልተጻፈበት ናሙና ግማሽ ታሪኩን አጥቷል ማለት ነው።

በ1854 ዳግመኛ ተነሳ። አሁን ጉዞው ዛሬ ሲንጋፖር፣ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ ወደምንላቸው ደሴቶች ነበር። ስምንት ዓመት ቆየ። በዚህ ጊዜ ከእያንዳንዱ ነፍሳት ሥር፣ በመርፌው ላይ፣ ትንሽ ክብ ወረቀት ይሰካ ነበር። ወረቀቷ ላይ የቦታው ስም በአጭሩ ተጽፏል። ለእኔ የሰውየው ባክአፕ ያቺ ወረቀት ናት።

ቦርንዮ ደሴት ላይ፣ ሳራዋክ ውስጥ፣ ሰዎች የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ደን ይመነጥሩ ነበር። የተቆረጠ ግንድ ሲበሰብስ ጢንዚዛ ይጠራል። ዋላስ ለሠራተኞቹ በአንድ ነፍሳት አንድ ሳንቲም እከፍላለሁ አለ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! መጀመሪያ ላይ በቀን በአማካይ 24 ዓይነት አዳዲስ ጢንዚዛ ያገኝ ጀመር። በአንድ ቀን ብቻ 76 ዓይነት የያዘበት ጊዜ አለ፣ 34ቱን ከዚያ በፊት አግኝቷቸው አያውቅም። ሳራዋክ ውስጥ ወደ 2,000 ዓይነት ጢንዚዛ ሰብስቧል፣ ከመቶ ገደማው በስተቀር ሁሉም ከአንድ ካሬ ማይል እምብዛም ከማይበልጥ መሬት የተገኙ ናቸው።

እዚያው አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ እንግዳ የሆነች አረንጓዴ እንቁራሪት አመጣለት። ከረጅም ዛፍ ላይ እየተንሳፈፈች ስትወርድ አይቻታለሁ አለው። ዋላስ የእግሯን ሰፊ ቆዳ ተመልክቶ አመነው፣ ሥዕሏንም ሣለ። በሳይንስ ወግ ተገልጻ ስም የወጣላት ግን በ1895 ነው። ከማየት እስከ መመዝገብ 40 ዓመት!

ተሳቢ እንስሳትስ? በዝርዝሩ ውስጥ 100 ያህል ብቻ ናቸው። አንዱ ግን ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቷል። አምቦን ደሴት ላይ ሳለ አንድ ሌሊት ከጣሪያው የመንኮሻኮሽ ድምፅ ሰማ፣ ችላ ብሎ ተኛ። በማግስቱ ጋደም ብሎ ቀና ሲል፣ ቢጫና ጥቁር ነገር አየ። የኤሊ ድንጋይ ልብስ መሰለው። ለካስ ከአልጋው በላይ የተጠቀለለ ዘንዶ ኖሯል! ሌሊቱን ሙሉ ከሥሩ ተኝቷል ማለት ነው። እባብ መያዝ የሚያውቅ የቡሩ ደሴት ሰው ተጠርቶ ጎትቶ አወረደው፣ ርዝመቱም ወደ አራት ሜትር ነበር።

ባቻን ደሴት ላይ ደግሞ አንዲት ትልቅ ቢራቢሮ በጨረፍታ አይቶ ሳይዛት አመለጠችው። ሁለት ወር ጠበቀ። በመጨረሻ ወንዱን በመረቡ ያዘና ወርቃማ ክንፉን ሲገልጥ ልቡ ክፉኛ መታ፣ ራሱን ሊስት ደረሰ፣ የቀረውን ቀን ራስ ምታት ይዞት ዋለ። እዚያው ደሴት ላይ ከተገኙት መካከል አንዲት ግዙፍ ንብ ነበረች። በ1860 ሜጋኪሌ ፕሉቶ የሚል ስም ወጣላት። ከዚያ ሳይንቲስቶች እስከ 1981 ድረስ መልሰው አላገኟትም። በ2019 በሕይወት ሳለች ፎቶ ተነሳች። በዚያ ሁሉ ዘመን የት እንፈልጋት ላለ ሰው፣ መልሱ የቦታው ስም ነበር።

በ1858 እዚያው አካባቢ በንዳድ ሲንቀጠቀጥ፣ ዝርያዎች እንዴት እንደሚለወጡ አንድ ሐሳብ መጣለት። ጽፎ ለቻርልስ ዳርዊን ላከ። ዳርዊን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ሐሳብ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1858 የሁለቱም ጽሑፍ ለንደን ውስጥ አንድ ላይ ተነበበ፤ ዋላስ ግን ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ ስለነበር አያውቅም። ቂም ያዘ? በጭራሽ። በ1869 ትልቁን የጉዞ መጽሐፉን ለዳርዊን መታሰቢያ አደረገው። ዋላስ ገንዘብ ሲቸግረው ደግሞ ዳርዊን አስተባብሮ በ1881 የመንግሥት ጡረታ አስገኘለት።

ከስምንቱ ዓመት የተገኘው 125,660 ናሙና ነው። ብቻውን ሰበሰበው ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። አሊ የሚባል የሳራዋክ ወጣት ነበር። ወጥ ሠሪ ሆኖ ተቀጠረ፣ ቆይቶ ወፍ ማደንና ቆዳ መግፈፍ ተማረ፣ ዋላስ ሲታመም አስታመመው። በ1858 አንድ እንግዳ የገነት ወፍ ይዞ የመጣውም አሊ ነው። ወፉ በሳይንሳዊ መዝገብ ሲገባ የማን ስም ተሰጠው? የዋላስ። እዚህ ላይ ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሻችሁም። ዋላስ በመጽሐፉ አሊን በስሙ ባይጠራው ኖሮ እኮ ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር።

ቶማስ ባርበር የሚባል አሜሪካዊ የተሳቢ እንስሳት ተመራማሪ በ1907 ተርናቴ ደሴት ሄዶ ነበር። እንደጻፈው ከሆነ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ ራሱን አሊ ዋላስ ብሎ አስተዋወቀው። ያን ጊዜ ዋላስ በሕይወት ነበር፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1913 በ90 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ስለጠፉት ፎቶዎቼ መልሼ አሰብኩ። ባይሰረቁስ ኖሮ? በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። የትኛው የት እንደተነሳ፣ ከጎኔ የቆመው ማን እንደሆነ የጻፍኩበት አንድም አልነበረም። ገና ሳይሰረቅ ግማሹ ጠፍቶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ያቺን የአያቴን ፎቶ ስልኳ ውስጥ አግኝታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ደስታዬን ተዉት። አየት፣ አየት አደረግኩና ማን ነው ያነሳን ብዬ ጠየቅኳት። እኔ አይደለሁም፣ እኔማ ፎቶው ውስጥ አለሁ። እሷም አይደለችም። እናቴ ናት ያስታወሰችው፤ ስኒ ሊመልስ የመጣ የጎረቤት ልጅ ነው።

ፎቶዋን አሳተምኳት። ጀርባዋ ላይ የአያቴን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ የልጁን ስም ጨመርኩበት።