የሰበካ ጉባኤ መሥራች ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ

በወልድያ ከተማም ሆነ በመርሳና በሀብሩ የገጠር አጥቢያዎች፣ የሰበካ ጉባኤ ተመራጮች ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ገቢና ወጪ ሲመካከሩ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ሥርዐት ያቆሙት አባት ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ስለዚህ በዚህ መጽሔት በአጭሩ ልንጽፈው ወደድን።

ብፁዕነታቸው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸውም መልእክቱ ይባል ነበር። የአብነቱን ትምህርት ተምረው ከመነኰሱ በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ፤ ሀገረ ስብከታቸውም ሐረር ነበረ። በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በአዲስ አበባ ተሾሙ።

ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ይመስለናል። ከዚያ በፊት የደብሩ አስተዳደር በአለቃውና በገበዙ እጅ ነበረ፤ ካህናቱም የሚኖሩት በሰሞን መሬት ነበር። ምእመኑ ያስቀድሳል፣ ስእለቱን ያገባል እንጂ በአስተዳደሩ እምብዛም አይጠየቅም። በአዲሱ ደንብ ግን ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የየራሳቸውን ሰዎች መርጠው ለሦስት ዓመት በአንድነት እንዲሠሩ ሆነ። ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ነው፤ ምክትሉ ግን ከምእመናን ይመረጣል። ከአጥቢያው በላይም የወረዳ፣ የሀገረ ስብከትና የመንበረ ፓትርያርክ ጉባኤ አለ።

ደንቡ በወጣበት ዓመት አገራችን ወሎ በጽኑ ረኀብ ተይዛ ነበር፤ በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ሕዝብ ይረግፍ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን በእኛ አካባቢ አባል መዝግቦ መዋጮ መሰብሰብ እንደ ምን ያለ ሥራ እንደ ነበረ አንባቢው ራሱ ይገምተው።

ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ ሲወረስ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። ካህኑ ከምን ይበላል፣ መቅደሱስ በምን ይጠገናል? መልሱ የምእመናኑ መዋጮ ሆነ፤ እርሱንም የሚሰበስበውና የሚቈጣጠረው ሰበካ ጉባኤ ነበር። ደንቡ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ብዙ ደብር በተዘጋ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፓትርያርኩ ግን ይህን ለማየት ጊዜ አላገኙም። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። በ1970 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲው ተሻሽሎ ሲወጣ እርሳቸው በእስር ላይ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ የመቃብራቸውም ቦታ ለብዙ ዓመት ተሰውሮ ቈየ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ወጥቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ።