ሐሮልድ ኸርስት፦ የዓባይ ማጠራቀሚያ ቀማሪ

ሐሮልድ ኤድዊን ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር በሌስተር አጠገብ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት የለቀቀ ቢሆንም፣ በብርቱ ጥረት ኦክስፎርድ ገብቶ በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1906 ለጥቂት ጊዜ ብሎ ግብጽ ወረደና ከስልሳ ዓመት በላይ የዓባይ ተመራማሪ ሆኖ ቀረ።

የገጠመው ጥያቄ፣ በድርቅ ዘመን ውኃ እንዳይጎድል በጥጋብ ዘመን ምን ያህል ይጠራቀም የሚል ነበር። ዓመታቱ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና የላቸውም ተብሎ ቢሰላ፣ የመቶ ዓመት ማጠራቀሚያ የዓመታዊውን ፍሰት መደበኛ ልይይት 12.5 ጊዜ ያህል መያዝ ይበቃዋል። ኸርስት ግን እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ የተመዘገበውን የሮዳን የውኃ ልክ፣ የዝናብን፣ የዛፍ ቀለበትንና የሐይቅ ደለልን መዛግብት ሲመረምር፣ በዮሴፍ ዘመን እንደ ነበረው ሁሉ ድርቅ ድርቅን፣ ጥጋብም ጥጋብን እየሳበ እንደሚመጣ አየ። እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት መሠረት የሚያስፈልገው ወደ 17.4 ጊዜ ይደርሳል። ልዩነቱ ከሲሶ በላይ ነው! ይህንንም ጠባይ ለማስመሰል የተጠቀመበት መሣሪያ ኮምፒዩተር ሳይሆን፣ ቁጥር ተጽፎባቸው የሚበወዙ 52 ካርታዎችና አንድ ጆከር ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ከብላክና ከሲማይካ ጋር ያወጣው ዕቅድ ቪክቶሪያን፣ አልበርትንና ጣናን እንደ አንድ መረብ ያያይዝ ነበር። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ጣና፣ ዓባይ በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል ተገድቦ ማጠራቀሚያ እንዲሆን ታሰበ። ሆኖም የዕቅዱ ግብ የታችኛው አገር እርሻ ነበረ፤ የደሴት ገዳማቱ፣ የዳርቻው ማሳና ባለታንኳው በግቡ ውስጥ የራሳቸው ሚዛን አልተሰጣቸውም። የጣናው ሐሳብ በወረቀት ቀርቶ ግብጽ የአስዋንን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 በገዛ መሬቷ ፈጸመች። ኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1978 በ98 ዓመቱ ዐረፈ።

ጣና የተገደበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ነው፤ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠራ፣ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫም በ1993 ዓ.ም. ተከተለ። ዛሬ እንዲህ ያለ መረብ ሲሰላ እያንዳንዱ ተፋሰስ ለየኮምፒዩተሩ ይከፋፈላል፤ ከላይኛው የሚወጣው ፍሰት ለታችኛው መነሻ ይሆናል። ይሁንና ማሽኖቹ ቢበዙም መሐንዲሱ ሚዛን ያልሰጠውን አያመዛዝኑም፤ ዓመታቱንም ነጣጥሎ ከመገባቸው የድርቅን መደራረብ አያዩም። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና የማመንጫው ፍጆታ ተገናኝተው ሐይቁ እጅግ ስለ ወረደ፣ የጣና መርከቦች ለወራት መልሕቃቸውን ጥለው ቆሙ።