ሙሴ ማይሞኒደስ፤ ዓለም መጀመሪያ አለው ሲል የተሟገተው ሊቅ

ዘመን በተለወጠ ቁጥር የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለይተው የሚያውጁት ከዓመተ ዓለም፣ ማለትም ዓለም ከተፈጠረበት ጊዜ በመነሣት ነው። አይሁድም ዓመታትን የሚቆጥሩት ከፍጥረት ጀምሮ ሲሆን፣ ሮሽ ሃሻና የተባለው አዲስ ዓመታቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በእኛው መስከረም ነው። እንዲህ ያለው አቆጣጠር አንድ ታላቅ ነገርን አስቀድሞ ያምናል፤ ይኸውም ዓለም መጀመሪያ ያለው መሆኑን ነው። ይህ እምነት ግን በፈላስፎች ዘንድ ያለ ሙግት የታለፈ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ የበዓል ጽሑፋችን በሙግቱ ውስጥ ጉልህ ስፍራ የያዘውን አይሁዳዊ ሊቅ፣ የሙሴ ማይሞኒደስን ሕይወትና ትምህርት በአጭሩ ለአንባቢያን እናቀርባለን።

ሙሴ ማይሞኒደስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1138 ገደማ በስፔን፣ በኮርዶባ ከተማ ነው። አባቱ ማይሞን የአይሁድ ማኅበር ዳኛና የሕግ ሊቅ ነበር። በዚያን ዘመን ኮርዶባ የዐረብኛ ጥበብ የሚቀሰምባት ከተማ ስለነበረች፣ ልጁ ኦሪትን ከአባቱ፣ ሒሳብን፣ የከዋክብትን ትምህርትና ፍልስፍናን ከዘመኑ መጻሕፍት ተማረ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1148 አልሞሃድ የተባሉት የሰሜን አፍሪካ ገዥዎች ከተማይቱን ያዙና አይሁድና ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወይም አገር ለቀው እንዲወጡ አስገደዱ። ቤተሰቡም ከአገር አገር ሲንከራተት ቆይቶ በሞሮኮ በፌዝ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1165 በመርከብ ወደ አካ ተሻገረ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለመ። በመጨረሻም በግብፅ፣ ዛሬ የካይሮ አካል በሆነችው በፉስጣጥ ኑሮውን መሠረተ። ሙሴ ሚሽና ለተባለው የአይሁድ ሕግ ስብስብ የደረሰውን ማብራሪያ የጀመረው በዚህ ስደት መካከል ሲሆን የፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1168 ነው። የአይሁድን እምነት በ13 መሠረቶች ጠቅልሎ ያስቀመጠውም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በፉስጣጥ ሙሴ ያለ ሐሳብ ለመጻሕፍቱ ይተጋ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ዳዊት በከበሩ ድንጋዮች ንግድ ቤተሰቡን ያስተዳድር ስለነበረ ነው። ዳዊት ግን ለንግድ በሄደበት በሕንድ ውቅያኖስ ሰጠመ። የቤተሰቡ ገንዘብና ሌሎች ሰዎች በአደራ የሰጡት ሀብትም አብሮት ጠፋ። ሙሴ በኀዘን ታሞ አንድ ዓመት ያህል ከአልጋ ሳይነሣ ቆየ፤ ከዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤም ቁስሉ አልሻረም ነበር። የሟቹን ሚስትና ልጅም ሊጦር ይገባው ነበር። በእግዚአብሔር ሕግ ትምህርት እንጀራ መብላት ነውር ነው የሚል ጽኑ አቋም ስለነበረው የሕክምናን ሙያ መተዳደሪያው አደረገ። በጊዜውም የሳላህዲን አማካሪ የአል ቃዲ አል ፋዲል፣ ቆይቶም የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ለመሆን በቃ።

በዚህ ሁሉ ድካም መካከል መላውን የአይሁድ ሕግ በ14 መጻሕፍት ከፋፍሎ በዕብራይስጥ አዘጋጀ። የዚህ ታላቅ ሥራ መክፈቻ የመሥዋዕት ወይም የምግብ ሥርዓት አይደለም፤ እግዚአብሔር መኖሩን የማወቅ ግዴታ ነው። ፍጥረት ሁሉ ለመኖር እርሱን ይሻል፤ እርሱ ግን ለመኖር ማንንም አይሻም ሲል ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1190 ገደማ የተጠናቀቀው ሁለተኛው ታላቅ ሥራው «የተደናገሩ ሰዎች መሪ» በሚል ስም ይታወቃል። መጽሐፉ በዐረብኛ ቋንቋ በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ የታለመውም በኦሪት ታንጾ ካደገ በኋላ ከአርስቶትል ፍልስፍና ጋር ተገናኝቶ በሁለቱ መካከል ለቆመ ሰው ነው።

ሊቁ በመጀመሪያ ያነሣው የአምላክን ባሕርይ ነው። መጻሕፍት ስለ እግዚአብሔር እጅና ዓይን፣ ስለ ዙፋኑና ስለ ቁጣው የሚናገሩት ለሰው አእምሮ እንዲቀርብ በሰው ቋንቋ ስለሚናገሩ ነው እንጂ አምላክ አካል ኖሮት አይደለም አለ። ከዚያም አልፎ ሄደ። አምላክ አዋቂ ነው ስንል አላዋቂነት የለበትም፣ ኃያል ነው ስንል ድካም የለበትም ከማለት በቀር ባሕርዩን ለክተን መናገር አንችልም፤ ልንናገረው የምንችለው በፍጥረቱ ላይ ስለሚታየው ሥራው ብቻ ነው ሲል አስተማረ። ምስጋናን በቃላት ብዛት ከማከማቸት ይልቅ ዝምታ የተሻለ ክብር ነው የሚለው አሳቡም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከሁሉ የከበደው ሙግት ግን ስለ ፍጥረት ያደረገው ነው። ሦስት አስተያየቶችን በየተራ መረመረ። አንደኛው የኦሪት ሲሆን፣ በአገራችን የቤተ ክህነት አነጋገር እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ እንደሚባለው፣ ዓለም ካለመኖር ወደ መኖር መጣ የሚል ነው። ሁለተኛው የአፍላጦን ሲሆን፣ ፈጣሪ ዓለምን ያበጀው አስቀድሞ ከነበረ ቁስ ነው ይላል። ሦስተኛው የአርስቶትል ነው፤ ዓለም መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ካለበት ሁኔታ ሌላ ሊሆንም አይችልም ይላል።

ማይሞኒደስ አርስቶትልን እጅግ ያከብረው ነበር። ይሁን እንጂ ፈላስፋው ይህን አሳቡን በማያዳግም ማስረጃ አላረጋገጠም ሲል ሞገተ። ለዚህም ምሳሌ ሰጠ። እናቱ በሕፃንነቱ የሞተችበትና ሴት በሌለችበት ደሴት በአባቱ እጅ ያደገ ልጅ፣ ሰው በማኅፀን ውስጥ ሳይተነፍስና በአፉ ሳይበላ ወራት ይኖራል ቢሉት አያምንም፤ ምክንያቱም የሚያውቀው የተፈጸመውን ሰው ብቻ ነው። እንዲሁም ፈላስፋው ከተፈጸመው ዓለም ሕግ ተነሥቶ በአፈጣጠሩ ላይ መፍረድ አይገባውም። ጊዜም ራሱ ከፍጥረታት አንዱ ስለሆነ፣ ከፍጥረት በፊት ምን ያህል ጊዜ አለፈ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ከዚህ ላይ የሊቁን ቅንነት ልብ ማለት ይገባል። የዓለም ዘላለማዊነት በማስረጃ ቢረጋገጥ ኖሮ ስለ አምላክ አካል የሚናገሩትን ቃላት እንደተረጎመ ሁሉ የፍጥረትን ቃል መተርጎም እንደማይሳነው ገልጧል። ካለመኖር መፈጠሩንም በፍጹም ማስረጃ አረጋገጥሁ አላለም፤ ጥርጣሬው የሚያንስበት አሳብ ነው አለ እንጂ። ሆኖም ሁሉ ነገር በግድ የሆነ ከሆነ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ተአምርም ሕግም መሠረት የላቸውም። ለእርሱ በሚዛን ላይ የነበረው ይህ ነው።

ስለ መግቦት በጻፈው ምዕራፍ ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ከነተሳፋሪዎቿ የምትሰጥም መርከብ ናት። መርከቢቱ በአጋጣሚ ብትሰጥም እንኳ ሰዎቹ በእርሷ መሳፈራቸው አጋጣሚ አይደለም፤ አእምሯችን ሥርዓቱን ሊደርስበት በማይችል በአምላክ ፍርድ ነው ይላል። በምዕራፉ የዳዊትን ስም አላነሣም። እኛ ግን ወንድሙን ባሕር የወሰደበት ሰው ይህን ምሳሌ ሲጽፍ ምን ያህል እንደከበደው መገመት አያዳግተንም። ዓለም በፈቃድ የቆመ ነው ብሎ ማመን ለምን የሚለውን ጥያቄ ያስከትላል፤ ሊቁም ጥያቄውን ሳይሸሽ፣ መልሱን አውቃለሁም ሳይል ኖረ።

የመጽሐፉ ፍጻሜ እግዚአብሔርን ማወቅ ምሕረትን፣ ፍርድንና ጽድቅን እንደ እርሱ ወደ ማድረግ ሊያደርስ እንደሚገባ ያስተምራል። ሕይወቱም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1199 ለተርጓሚው ለሳሙኤል ኢብን ቲቦን በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጠው፣ በየማለዳው ከፉስጣጥ ወደ ካይሮ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። ከቀትር በኋላ ተርቦ ሲመለስ ደጁ በአይሁድና በሌሎች ሕሙማን፣ በከበሩና በተናቁ ሰዎች ተሞልቶ ያገኘዋል። ጥቂት እንዲቀምስ ይቅርታ ጠይቆ እስከ ሌሊት ያክማቸዋል፤ ድካም ሲያሸንፈውም ተጋድሞ መድኃኒት ያዝላቸዋል።

ሙሴ ማይሞኒደስ እ.ኤ.አ. በ1204 ዐረፈ። እንደ ትውፊቱ መቃብሩ በጥብርያዶስ ይገኛል። ከሞተ በኋላ አንዳንድ የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፉን ሲያወግዙ፣ እንደ ቶማስ አኩይናስ ያሉ የክርስቲያን ሊቃውንት ደግሞ ሲወያዩበት ኖረዋል።

እነሆ ዛሬም አዲስ ዓመት ሲገባ ዓመታትን ከፍጥረት መቁጠር አልቀረም። የማይሞኒደስ ሕይወት የሚያስገነዝበን ይህ ቆጠራ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። መጀመሪያ ያለው ዓለም በፈቃድ የተሰጠ ስጦታ ነውና፣ ተቀባዩም ስለ ሰጪው ብዙ ከመናገር ይልቅ ደጁን ለሚያንኳኳ መክፈት እንደሚገባው ከዚህ የፉስጣጥ ሐኪም እንማራለን።