ኦነሲሞስ ነሲብ፦ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ

በአዲስ አበባ የኮልፌን ስም ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ቢያገኝ፣ ኮልፋ ማለት ሳቅ እንደሆነ ይነገረዋል። የሰው ስምም እንዲሁ ፍቺ አለው። ከኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ሂካ ይባሉ ነበር፤ ትርጉሙም ተርጓሚ ማለት ነው።

ሂካ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቀው ከእናታቸው ተለዩ። ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሲሸጡ ቆይተው ምፅዋ ደረሱ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቷቸው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ስሙ በአዲስ ኪዳን የፊልሞና ባሪያ የነበረው ሰው ስም መሆኑ ልብ ይሏል። ቆይተውም ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ።

ከስዊድን መልስ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ያደረጉት ጉዞ ሳይሳካ ቀርቶ፣ ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ተቀምጠው መተርጎም ጀመሩ። እዚህ ላይ ግን ብርቱ ችግር ገጠማቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከተወለዱበት አገር ርቀው ስለኖሩ፣ የእናታቸው ቋንቋ ለዚህ ታላቅ መጽሐፍ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ስዊድን የሰጠቻቸው ትምህርት ይህን ጉድለት ሊሞላው የሚችል አልነበረም።

ጉድለቱን የሞሉት በአብዛኛው አስቴር ጋኖ ናቸው። ከሊሙ እናርያ ተወስደው በባርነት ወደ ዓረብ አገር ሲጓዙ በ1886 በጣሊያን መርከብ ነፃ የወጡት ወጣት፣ ቋንቋውን አልረሱትም ነበር። ከቃላቸው 15 ሺህ ያህል ቃላት መዘገቡ፤ የሚያስታውሷቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶችና እንቆቅልሾችም ጻፉ። በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው። በእምኩሉ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ኦሮሞዎች ስለነበሩ፣ የየትኛው አካባቢ አነጋገር ይጻፍ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ትርጉሙ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ ይህ ፊደል የኦሮምኛን የአናባቢ ርዝመትና የድምፅ መጥበቅ ለይቶ አያሳይም። እንደ ዸ ላለው ድምፅም በደ ላይ ምልክት መጨመር ግድ ይላል።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በሚገኘው ቅድስት ክሪሾና የኅትመት ብርሃን አየ።

ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲመጡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። በኦሮምኛ መስበካቸው ግን የካህናቱን ተቃውሞ አስከተለ። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ተፈረደባቸው፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው እንዳያስተምሩ ብቻ በመከልከል ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። እገዳው የተነሣላቸው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ባገኙት ፈቃድ ነበር።

ኦነሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ አረፉ። ወደ ወለጋ አብረዋቸው የመጡት አስቴር ጋኖ በዚያው ሲያስተምሩ ኖረው በ1964 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።