ጁሴፔ ቶማዚ፣ የላምፔዱዛው መስፍን

ተማሪዎች፣ ላምፔዱዛ የተባለውን ደሴት ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል የሚገኝ፣ ከአፍሪካ በባሕር ወደ አውሮፓ የሚሻገሩ ስደተኞች የሚደርሱበት ትንሽ ደሴት ነው። ይህ ስም ከብዙ ዘመን በፊት የአንድ የሲሲሊ መኳንንት ቤት ማዕረግ ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የምታነቡት ከዚያ ቤት የተወለደውን የደራሲ ጁሴፔ ቶማዚን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። በኢጣልያ ግን የቤተ ሰብ ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል፤ መኳንንቱም ከስማቸው ጋራ ዓርማ ያወርሳሉ። ቶማዚ የሚለው ስም ቶማስ ከሚለው የወጣ ሲሆን የቶማስ ወገን እንደ ማለት ነው። ቤተ ሰቡ ዘሩን እስከ ቁስጥንጥንያ ነገሥታት ድረስ ይቈጥር ነበር፤ ይህ ግን መኳንንት በየአገሩ የሚወዱት ዓይነት አፈ ታሪክ ነው። በሲሲሊ ሥር የሰደደው በ16ኛው መቶ ዓመት ማሪዮ ቶማዚ በሊካታ ከተማ ተቀምጦ አንዲት ባለ ርስት ባገባ ጊዜ ነው። ከዘሩ የተወለዱ መንትያ ወንድማማች በ1637 ፓልማን ቈረቈሩ፤ በ1667ም ቤቱ የላምፔዱዛን መስፍንነት አገኘ። ዓርማው በሰማያዊ መደብ ላይ፣ ሦስት ጫፍ ካለው አረንጓዴ ተራራ ላይ፣ በኋላ እግሮቹ የቆመ ባለ ወርቅ ቀለም ነብር ነው።

ከዚህ ቤት ለእኛ የሚቀርብ አንድ ሰው እንዳለ ልብ በሉ። በ1649 የተወለደው ጁሴፔ ማሪያ ቶማዚ የበኵርነት መብቱንና ማዕረጉን ለወንድሙ ትቶ መነኰሰ። ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከሱርስት ጋራ ግዕዝን ተማረ፤ የጥንት የቅዳሴ መጻሕፍትንም መርምሮ አሳተመ። በ1713 ካርዲናል ሆኖ ሞተ፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በ1986 ቅዱስ ብላ ሰየመችው።

ደራሲው ጁሴፔ ታኅሣሥ 23 ቀን 1896 በፓሌርሞ ሲወለድ ከዚህ ሁሉ ክብር የቀረው ጥቂት ነበር። ደሴቱ ወደ መንግሥት ከተላለፈ ቈይቷል። ቅድመ አያቱ ሳይናዘዝ በመሞቱ ርስቱ በወራሾች ክርክር ለብዙ ዓመታት ታስሮ ኖረ። ጁሴፔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ አመለጠ፤ በ1932 አንዲት የላትቪያ ባላባት ልጅ አገባ፤ ከዚያ በኋላ ዘመኑን በንባብ አሳለፈ። ልጅ አልወለዱም።

በልጅነቱ ክፍሎቹን አንድ በአንድ የሚያውቀው፣ ሊሞትበትም የሚመኘው የፓሌርሞው ቤተ መንግሥት ሚያዝያ 5 ቀን 1943 በአየር ድብደባ ፈረሰ። ይህ ኀዘን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ሪፑብሊኩም ከ1948 ጀምሮ የመኳንንትን ማዕረግ በሕግ የማይታወቅ አደረገው። ታዲያ ርስት፣ ቤትና ልጅ የሌለው ሰው ስሙን ለማን ያወርሳል?

ጁሴፔ ወደ ስድሳ ዓመት ሲጠጋ ብዕር አነሣ። በ1860 ጋሪባልዲ ሲሲሊን ሲይዝ የወገኑ ኃይል ሲያልቅ የሚያይ አንድ መስፍን በልቦለድ ሣለ፤ ለባለ ታሪኩም የራሱን ቅድመ አያት ባሕርይ ሰጠው። ርእሱን የወሰደው ከቤቱ ዓርማ ነው፤ መጽሐፉን ኢል ጋቶፓርዶ አለው። በእንግሊዝኛ ሲተረጐም ነብር ተባለ እንጂ ቃሉ በኢጣልያንኛ በተለይ የሚያመለክተው ከነብር የሚያንሰውን፣ እግረ ረጅሙን፣ እኛ አነር የምንለውን አውሬ ነው። በእኔ አስተያየት አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለርእሱ የቀረበ ቃል አለው።

ሁለት ታላላቅ አሳታሚዎች ጽሑፉን መለሱበት። ደራሲውም መጽሐፉ ታትሞ ሳያይ ሐምሌ 23 ቀን 1957 በሮማ በሳንባ ካንሰር ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ልቦለዱ ታተመ፤ በ1959 ስትሬጋ የተባለውን የኢጣልያ ሽልማት አገኘ፤ በ1963ም ሉኪኖ ቪስኮንቲ ፊልም አደረገው።

የመጽሐፉን ፍጻሜ ልንገራችሁ። የመስፍኑ ሴት ልጅ አርጅታ፣ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ በቤት የተቀመጠውን፣ ውስጡ ታጭቆ የደረቀ የውሻ ቆዳ በመጨረሻ ታስጥላለች። ቆዳው በመስኮት ሲወረወር ለአንድ አፍታ ረጅም ጢም ያለው አውሬ ይመስላል፤ የፊት እግሩን አንሥቶ በአየር ላይ ይደንሳል። ከዚያም ከግቢው ቆሻሻ ላይ ይወድቃል።